ራስ ሳይጠና ጉተና

ልጄ፣ ትናንት በስልክ የነገርሽኝ ሌሊቱን ሲመላለስብኝ አደረ። ሐኪሙ ስለ ዕጢው፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለሚፈጀው ወራት ሲያስረዳሽ ችለሽ ሰማሽው፤ «ፀጉርሽ ይረግፋል» ሲልሽ ግን አለቀስሽ። አልፈርድብሽም። ዕጢውን የምታውቁት አንቺና ሐኪሙ ናችሁ፤ ፀጉር ግን አገር ያየዋል።

«ፀጉር ምን አለበት፣ ይበቅላል» የሚሉሽ ብዙ ናቸው። እኔ እንዲህ አቅልዬ አላልፈውም። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ራሷን የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው። ባሏን ስትቀብር፣ ልጇን ስትቀብር። ስለዚህ የተላጨ ራስ ያየ ሰው ጠይቆ እስኪረዳ አይታገስም። ካርቱም ዴም ሰፈር ሳለሁ፣ እኔም ያንቺኑ በሽታ በምታከምበት ሰሞን፣ ሙቀቱ ሲበዛብኝ ሻሼን አውልቄ ቡና እየቆላሁ አንዲት ያገሬ ልጅ ከች አለች። በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ያዘችና «ውይ! ማን ሞተብሽ?» አለች። የሞተብኝ የለም፣ መድኃኒቱ ነው ስላት ባሰባት። ተቀምጣ እኔኑ አለቀሰችኝ። ከረከቦት ፊት ተቀምጬ የገዛ ልቅሶዬን ደረስኩ ማለት ነው።

አንጀት የሚበላው እንግዲህ ይሄ ነው። ሳትሞቺ ልቅሶ እንዳይቀመጡብሽ አንቺ ቅደሚያቸው።

አንቺ የጀመርሽው ቀዩን መድኃኒት ነው፤ ዶክሶሩቢሲን የሚሉትን። እሱ በገባ ማግስት ሽንትሽ ቢቀላ አትደንግጪ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግድም የራስሽ ቆዳ ያምሻል፤ ትራስ ሲነካው ያቃጥልሻል። ከዚያ ወዲያ ሦስተኛው ሳምንት ሳይሞላ መርገፍ ይጀምራል። ሹሩባ ተሠርተሽ እንዳትጠብቂው አደራ። ሹሩባ የረገፈውን ጠልፎ ያቆየውና ስትፈቺው ጉንጉኑ እንዳለ እጅሽ ላይ ይቀራል። ያን ያየች ሴት ቶሎ አትረሳውም። አሁኑኑ አሳጥሪው፤ ራስሽን ሲያምሽ ደግሞ በማሽን አስላጪው። በምላጭ አይሆንም፤ ነጭ የደም ሕዋስሽ በሚያንስበት ጊዜ ትንሽ ጭረት ታመረቅዛለች። ቀኑን አንቺ ምረጪ፣ ቡና ይፈላ፣ ልጆችሽ አጠገብሽ ይሁኑ፣ የሚላጭሽም የማያለቅስ ሰው ይሁን። ልጅ እናቱ ስትላጭ ካየ አይደነግጥም፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሌላ ሴት ቁጭ ብላ ካገኘ ግን ይደነግጣል።

ምክንያቱንም እወቂው፤ ሲጠይቁሽ አፍሽ እንዳይያዝ። መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሕዋስ እያሳደደ ነው የሚመታው። ካንሰሩ ይባዛል፤ የፀጉር ሥር፣ የአፍ ውስጥ ቆዳ፣ ደም የሚሠራው መቅኒም ይባዛሉ። እርሻ ላይ እንደሚረጭ መድኃኒት ነው፣ አረሙን ሲያቃጥል ጎመኑንም ይለበልበዋል። ሁሉም የካንሰር መድኃኒት ግን ራስ አይመልጥም፤ ኋላ ታሞክሲፈን የሚባለውን ክኒን ቢያዙልሽ እሱ እንዲህ አያደርግም። «ፀጉሯ ካልረገፈ መድኃኒቱ አልሠራም» የሚሉትንም አትስሚ። የፀጉርና የዕጢ ነገር ለየቅል ነው።

በካርቱም አንድ ያገዘኝ ነገር ነበር። እዚያ አብዛኛዋ ሴት ተከናንባ ነበር የምትወጣው፤ እኔም ታርሓዬን፣ ያን የራስ መከናነቢያ፣ ካጠለቅሁ መንገድ ላይ ማን ያውቅብኛል? ያልጠበቅሁት የቅንድቡና የሽፋሽፍቱ መርገፍ ነው። ላብ ያለ ከልካይ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሀቡብ ሲነሳ ደግሞ፣ ያ ቀይ አቧራ ከተማውን ሲውጠው፣ ለካ ሽፋሽፍት ለውበት ብቻ አልነበረም! አፍንጫም ጠጉሩን ሲያጣ ዝም ብሎ ይፈስሳል። ማታ ማቀዝቀዣው መላጣ ራስ ላይ ሲነፍስ «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ መሰለኝ። መነጽር ግዢ፣ ለማታ የጥጥ ቆብ ስፊ። ሰው ሠራሽ ፀጉሩን ካማረሽ አድርጊው፤ ብድር ገብተሽ ግን አይደለም።

ሱዳናዊቷ ጎረቤቴ ራሴን ያየች ቀን «ከፋራ»፣ ይማርሽ እንደማለት ነው፣ ብላ ሻይ አፈላች፤ አንድ እንባ አላወጣችም። በማግስቱ ሾርባ ይዛ መጣች፤ ጦርነት መጥቶ ሠፈሩን እስኪበትነው ድረስም አልቀረችም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እንዲህ ያለችው ናት። አንቺም እንደዚህች ያለች አንድ ሰው ፈልጊና እሷ ፊት አልቅሺ። ማሽላ እያረረ ይስቃል፤ አንቺ ግን ማሽላ አይደለሽም።

መደበቅን በተመለከተ፣ መንገደኛ ባያውቅ ምንም አይደለም። የምትሠሪበት ቤት ግን ይወቅ። ካርቱም በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ አውቅ ነበር። ሻሿ ሲንሸራተት እመቤቷ አየቻትና የሚተላለፍ በሽታ መስሏት አሰናበተቻት። ካንሰር በዕቃ፣ በትንፋሽ፣ ልጅ በማዘል አይተላለፍም። ያቺ ልጅ ከሐኪም ወረቀት ይዛ አስቀድማ ብትናገር ምናልባት አትባረርም ነበር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ የሸሸገ እንጀራም ያጣል።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ራስ ሳይጠና ጉተና አይሆንም። ቤተሰቡ ሁሉ ፀጉርሽን ሲያለቅስ የሚገድለውን ነገር ማንም አያየውም። የሚገድለው በትኩሳት የሚገለጥ ኢንፌክሽን ነው። መድኃኒቱ ከገባ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ደምሽ መከላከያ ያንሰዋል። ቴርሞሜትር ግዢ። 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ «ነገ ይለቀኛል» ሳትዪ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂና «ኬሞ ላይ ነኝ» በያቸው። የፀጉሩን ዕንባ ለዚህ ጊዜ ብታውሉት ስንት ሰው ይተርፍ ነበር!

ጠበልም ሂጂ፤ እኔም ተጠምቄያለሁ። ፀጉራቸው ሲረግፍ ግን «መድኃኒቱ ጨረሰኝ፣ ጠበል ይበቃኛል» ብለው ከሁለተኛው ዙር የቀሩ አውቃለሁ፤ ሲመለሱ ዕጢው ሌላ ቦታ ገብቶ ነበር። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤድስ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ መክረዋል፤ ለካንሰሩም ከዚህ የተለየ ምን ይባላል? ቅጠል ተቀጥቅጦ የታመመው ራስሽ ላይ እንዲለጠፍ ግን አትፍቀጂ።

ደግሞ የምታከሚበት ቦታ እንዳለሽ አትርሺ፤ ያጡትን አይቻለሁ። ካርቱም ሕዝቡ «ዘራ» የሚለው ሆስፒታል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጨረርና የአይሶቶፕ ማዕከል ነው። ከዳርፉር፣ ከኮርዶፋን የመጣ ሕመምተኛ ተራው እስኪደርስ ዛፍ ሥር ያድር ነበር። ዶክተር ሃንያ ፈድል የከፈቱት የጡት ሕክምና ማዕከልም ነበረልን። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ቀዳም ሥዑር ዕለት፣ እኛ ለፋሲካ ዶሮ ስንገነጥል ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ፤ ዘራም ሥራ አቆመ። ሕክምናቸውን ያጋመሱ ሴቶች ወደ ወድ መደኒ ሸሹ፤ በታኅሣሥ 2016 ያቺ ከተማም ተያዘች። አንቺ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወረፋ ደርሶሽ፣ መድኃኒትሽ ተገዝቶ፣ በፀጉር ምክንያት አንድ ዙር ብትዘልይ አልታረቅሽም።

ሲያልቅ ይበቅላል። በመጀመሪያው ወይ በሁለተኛው ወር እንደ ሕፃን ፀጉር ለስላሳ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ከዚያ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ግድም ይጨምራል። የእኔ ሽበት ይዞ፣ ጠምዛዛው ቀርቶ ልስልስ ብሎ መጣ። ቅቤ መቀባቱን ያን ጊዜ ትደርሺበታለሽ።

እናትሽ ከጎንደር ስትመጣ በር ከፍታ ድንገት እንዳታይሽ። አስቀድመሽ ፎቶ ላኪላት፣ ስትስቂ የተነሳሽውን። ጥቁር ለብሳ እንዳትመጣ ንገሪያት። አውቶቡስ ተራ እኔ እቀበላታለሁ፤ እቤትሽ እስክንደርስ የምነግራትን እነግራታለሁ።