ሰው ለሌለው ሰው መሆን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የዐቢይ ጾም አራተኛው ሳምንት መጻጉዕ ይባላል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የምናገኘው ይህ ሕመምተኛ 38 ዓመት አልጋ ላይ ኖሯል። መጠመቂያው ከአጠገቡ ነበር። ያጣው ውኃውን ሳይሆን ወደ ውኃው የሚያወርደውን ሰው ነው። ጌታችን ሲጠይቀውም የነገረው ይህንኑ ሰው ማጣቱን ነው።

ዛሬም መድኃኒት እያለ ሰው የሚታጣበት ቦታ ብዙ ነው። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ምን እንደሆነ የተሸከመ ያውቀዋል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን አንድ ላይ ያሠለጥን የነበረው ለዚሁ ለገጠሩ ሕዝብ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት እኅቶች ወጣትነታቸውን በገጠር ጤና ጣቢያ አሳለፉ! የክትባት ሣጥን አንግተው በእግራቸው ዞሩ፤ ሌሊት በባትሪ ብርሃን አዋለዱ፤ አገውኛ ብቻ የምትናገረውን እናት ሕመሟን በቋንቋዋ ለመጠየቅ ቋንቋ ተማሩ። ያዋለዷት ሕፃን አድጋ የራሷን ልጅ ልታስከትብ እስክትመጣ ድረስ እዚያው ናቸው።

እስቲ ከሥራቸው አንዱን ብቻ እንመልከት። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል የእግር እብጠት አለ፤ ብዙ ሰው ዝሆኔ ይለዋል። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ፣ በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን ለዓመታት የሚሄድን ሰው ይይዛል፤ የእኛም ሀገር ዝናቡና አፈሩ የዚሁ ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሕሙማን እንዳሉ ተገምቷል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ተደርጎ በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እግርን ዕለት ዕለት በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ድንገት የሚነሣውን ሕመም ይቀንሳል። ጠበሉም ይህም አይጣሉም።

ታዲያ ያንን ያበጠና የሚሸት እግር መጀመሪያ በእጇ ይዛ አጥባ የምታሳየው ማን ናት? ነርሷ ናት! ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቦ እናንተም እንዲሁ አድርጉ ብሎ አዞናል (ዮሐ. 13)። እኛ ሥርዓቱን በዓመት አንድ ቀን እንፈጽማለን። እርሷ ግን ሥራዬ ብላ ሠላሳ ዓመት ስታጥብ ኖረች።

ወገኖቼ፣ ይህችን እኅት እንዴት እናክብራት? ቅዱስ ጳውሎስ የክንክራኦስን አገልጋይ ፌቤንን ለሮሜ ምእመናን አደራ ሲሰጥ፣ በክብር እንዲቀበሏትና በሚያስፈልጋት ሁሉ እንዲረዷት ጻፈ፤ እርሷ ብዙዎችን ረድታለችና (ሮሜ 16፥1-2)። ልብ በሉ፣ ይህ የተጻፈላት በሕይወት ሳለች ነው። እኛ ግን ሰውን የምናመሰግነው ብዙ ጊዜ በለቅሶው ቀን ነው።

ጡረታ ስትወጣ ጋቢ አልብሰን ማጨብጨባችን መልካም ነው። ነገር ግን እርሷ ሳትጸየፍ ያጠበችውን ሰው እኛ በማኅበር ከጎናችን እንዳይቀመጥ ከሸሸነው፣ ልጁንም “የዝሆኔ ዘር ነው” ብለን ለጋብቻ ከከለከልነው፣ የሠላሳ ዓመት ድካሟን በአንድ ቃል አፈረስነው ማለት ነው። ጋቢው ምን ይጠቅማታል?

እንግዲህ በዚህ ጾም ከምሳችን ካተረፍነው ለአንድ ባዶ እግሩን ለሚሄድ ልጅ ጫማ እንግዛ። እግሩ ያበጠውን ጎረቤታችንን እጁን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ፤ በሰንበቴውም ቦታ እንስጠው። ሲስተርን ደግሞ ገና በሕይወት ሳለች ቤቷ ሄደን “እግዚአብሔር ይስጥልን” እንበላት። ቤቷ ስንሄድ ያ ጎረቤታችን አብሮን ቢኖር ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታዋ እርሱ ነው።

ሰው ላጣ ሰው የምንሆንበትን ልቡና አምላካችን ያድለን፤ በየገጠሩ የሚደክሙትን ይጠብቅልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።