ማገዝ ወይስ መሥራት?

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ የወገዳ ልጆች ወደየቤታችን እንበተናለን፤ ገሚሱ ወደ ጋይንት፣ ገሚሱ ወደ ስማዳ፣ ገሚሱ ወደ እስቴ። መስከረም ላይ ስንገናኝ «ክረምቱን ምን ስትሠራ ከረምክ?» መባባላችን አይቀርም። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ቤተሰብ ሳግዝ።» አንዱ አጥር አጥሯል፣ ሌላው የጓሮ ድንች ኮትኩቷል፣ ሦስተኛው የሚያፈስ ጣራ ደፍኗል። ደግ ሥራ ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። የምንጠይቀው ስለ ቃሉ ነው። ለመሆኑ ሰው የገዛ ቤቱን «ያግዛል» ወይ?

ማገዝ ማለት የሌላውን ሸክም ለጊዜው መቀበል ነው። ጎረቤት ያግዛል፤ ደቦ የመጣ ያግዛል። ያገዘ ሰው ይመረቃል፣ ጠላ ይቀዳለታል። ባለቤቱን ግን ማን ያመሰግነዋል? እናት ጎመኗን ስለኮተኮተች «እግዜር ይስጥሽ» የሚላት የለም። ልጇ ለአንድ ቀን መኮትኮቻ ሲይዝ ግን መንደሩ ሁሉ «ተምሮ እንኳ አልኮራም!» ይላል። ሥራው አንድ ነው፤ ምስጋናው ግን ወደ አንድ ወገን ያደላል። እንግዲህ ምስጋናው ለሥራው አልነበረም ማለት ነው፤ መተው እየቻለ ላልተወው ሰው ነው እንጂ።

ይህ አድልዎ በእኛ አልተጀመረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን ለማሳለፍ መንገድ ማውጣት ነበረባቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በጊዜው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ይህን ሁላችንም በኩራት እናወራዋለን። አጠገባቸው ድንጋይ ሲሸከም የዋለው ሕዝብ ግን ስሙ የት አለ? ከአገራችንም ወጣ ብለን እንይ። ሩሲያዊው ደራሲ ቶልስቶይ ባለ ርስት ሆኖ ሳለ ያርስ፣ ጫማም ይሰፋ ነበር፤ ዓለም በዚህ ያደንቀዋል። 13 ልጆች የወለደችው፣ የቤቱን አስተዳደር የተሸከመችው፣ «ጦርነትና ሰላም»ን ደጋግማ በእጇ የገለበጠችው ሚስቱ ሶፊያ ናት። የሷን ድካም ስንቶቻችን አንሥተን እናውቃለን?

«ኧረ ተዉ፣ ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው!» የሚለን አይጠፋም። ገበሬው ልጁን ያስተማረው ቢሮ እንዲገባለት ነው፤ ድንች ከመኮትኮት ደመወዝ አግኝቶ ቆርቆሮ መግዣ መላክ ይበልጣል ይላል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ገንዘብ ብዙ ቤት አቅንቷል። ይሁንና ደመወዙ የሚመጣው ከምረቃ በኋላ፣ ያውም ሥራ ከተገኘ ነው፤ ጎተራው የሚጎድለው ግን ዘንድሮ፣ ነሐሴ ላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትንና ስማዳን ያቀፈው ለምን እንደሆነ የአገሩ ልጅ ያውቀዋል። በሌላው ዓለም ጓሮ መንከባከብ የዕረፍት ጊዜ መዝናኛ ሊሆን ይችላል። በእኛ ዘንድ ያምናው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ቤቱን የሚያሻግሩት ጎመኑና ድንቹ ናቸው።

እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ የሚሠራውን የሚመርጠው ማነው? ቤት ለማደስ የሚቸኩል ተማሪ የሚጀምረው በሚታይ ነገር ነው። «ግድግዳውን ልምረገው» ይላል፤ ያውም በሐምሌ! በጭድ የተቦካ ጭቃ ፀሐይ ካላገኘ መቼ ይደርቃል? እናት ምርጊት የበጋ ሥራ መሆኑን ታውቃለች። ክረምት የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ጎርፉን ከቤቱ ጥግ የሚያስቀይስ ቦይ መቆፈር፣ ከብት እንዳይገባ አጥሩን ማጥበቅ፣ አረም መንቀል፣ ችግኝ መትከል፣ በዚያ ዝናብ ደረቅ እንጨት ፈልጎ ማምጣት፣ በጭቃ ወርዶ ውሃ መቅዳት። ከነዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ማን ይሠራቸዋል? ሴቷ ተማሪ። እሷም እኮ ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣችው! ግን «አገዘች» የሚላት የለም፤ ከደረሰችበት ሰዓት ጀምሮ ማድቤቱ የሷ ነው። ወንዱ በፈቃዱ የሚሰጠው ከሷ ላይ እንደ ዕዳ ይጠየቃል።

«ባህሉ ነው፣ ምን ይደረግ?» እንዳይባል በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ውስጥ፣ በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው የአውራምባ ማኅበረሰብ አለ። እዚያ ሥራ የወንድ፣ የሴት ተብሎ አይከፈልም፤ ወንድ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች። የእነሱም መንደር እንደኛው የገበሬ መንደር ነው።

ታዲያ መለኪያው ምን ይሁን? በእኛ አስተያየት ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ ሥራውን ለይቶ የሚነግረን ዓመት እስከ ዓመት ቤቱን የያዘው ሰው ይሁን፤ እናት «ቦይ» ካለች ቦይ፣ «ውሃ» ካለች ውሃ። እሷም እጃችን እንዳይቆሽሽ «ተው ልጄ፣ አንተ የተማርክ» ብትል፣ ፍቅሯን ተቀብለን እንስራውን ማንሣት ነው። ሁለተኛ፣ የሚያየን ሰው ባይኖር ያንኑ ሥራ እንሠራው እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ። ይህን ያለፈ ሥራ ከእንግዳ ሥራ ይለያል።

አንድ ነገር ይቀራል። እኛ ትምህርት ተከፍቶ ስንሄድ የቆፈርነው ቦይ እዚያው ነው። አንድ ከባድ ዝናብ ከዘነበ በደለል ይሞላል፤ አጥሩም ይላላል፣ አረሙም ተመልሶ ይበቅላል። ቤት የያዘ ሰው ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ከመሄዱ በፊት «ማን ይጠርገዋል?» ብሎ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ተነጋግሮ፣ አካፋውን አስረክቦ፣ እናቱ ብቻዋን እንዳትቀር አድርጎ ይሄዳል። ይህን ሳያስብ ቦርሳውን አንግቶ የሚወጣ፣ ምንም ያህል ቢቆፍር፣ አግዞ ሄደ እንጂ ቤቱን አልሠራም።