ከቤቱ በፊት ጎረቤቱን

ምስጋና ለአላህ ይገባው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ደብረ ታቦር ላይ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ ወንድም ጠጋ ብሎ «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ይምከሩኝ» አለኝ። በእስቴ በኩል የሚኖር ነጋዴና የአራት ልጆች አባት ነው። የመጀመሪያ ልጁ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሷል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለራቀበት የሀገሩ ሰው እንደሚያደርገው ለልጁ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ስንቅ እየላከ ሊያስተምረው አስቦ ነበር። ኋላ ግን ልጁን ብቻውን መተው ስላልተዋጠለት ቤተሰቡን ጠቅልሎ ለመግባት ወሰነ። ሁለት ቤቶች አይቷል። አንደኛው መስጂድ አጠገብ ያለ፣ ጠባብና ኪራዩ የሚከብድ ነው። ሁለተኛው ከከተማው ዳር ያለ፣ ሰፋ ያለና ርካሽ ነው። «የትኛውን ልያዝ?» አለኝ።

እኔም ብዙ ሳላስብ «መስጂዱ አጠገብ ያለውን ነዋ!» አልኩት። መልሴ የችኮላ መልስ እንደነበረ የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ይህ ጥያቄ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ ከጋይንት ልጆቹን ይዞ የወጣው አባወራ ይኸው ጥያቄ ነበረበት። በ2011 ዓ.ም. በእስቴ፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ደግሞ በሞጣ መስጂዶች ሲቃጠሉ ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ «የት ሄጄ ልኑር?» ብሎ አስቧል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ግጭት ውስጥ ሲገባና በርካታ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም ልጆቹን ለማስተማር ቀየውን የለቀቀው ጥቂት አይደለም።

ወንድሞችና እህቶች! መምረጥ መቻል ራሱ ትልቅ ኒዕማ መሆኑን አንርሳ። አያቶቻችን ሰፈር አልመረጡም፤ ሰፈር ተመረጠላቸው እንጂ። በ1668 (እ.ኤ.አ.) በአፄ ቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ጎንደር ላይ በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኖ ነበር። አዲስ ዓለም የሚባለው የጎንደር ሰፈር ለረጅም ዘመን የሙስሊሞች ሰፈር ሆኖ ኖሯል። በሰሜኑ ደጋ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ሙስሊሙ ባለርስት መሆን ስለተነፈገ በሽመናና በንግድ ነው የኖረው። ዛሬ ግን የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 የመኖሪያን ቦታ የመምረጥ መብት ደንግጓል። ታዲያ እነሱ የተነፈጉትን ምርጫ እኛ በኪራይ ዋጋ ብቻ የምንወስን ከሆነ አማናውን ጠበቅን ይባላል?

ቤተሰብን አዲስ ስፍራ ስለማስፈር ከነብዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) የበለጠ መምህር የለም። ሚስታቸውንና ሕፃን ልጃቸውን ቡቃያ በሌለበት ሸለቆ አስቀምጠው ሲመለሱ አላህን ምን ለመኑ? በስማቸው በተጠራችው ሱራ እንደምንረዳው በመጀመሪያ አገሩ ሰላም እንዲሆን፣ ልጆቻቸውም ከጣዖት እንዲጠበቁ ለመኑ። ቀጥሎ ያሰፈሯቸው ሶላትን እንዲያቋቁሙ መሆኑን ተናገሩ። ከዚያ የሰዎች ልብ ወደነሱ እንዲያዘነብል ጠየቁ። በመጨረሻም ከፍሬዎች እንዲሰጣቸው ለመኑ። ልብ በሉ! ሰላም፣ ሶላት፣ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ሲሳይ። የእኛ ምርጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራል።

ሰላም ስንል የጥይት ድምፅ አለመኖር ብቻ አይደለም። ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ያስተምራሉ፤ ልጁ የቀኑን ግማሽ ትምህርት ቤት ቢውል ግማሹን ሰፈር ነው የሚውለው። ያንን ግማሽ ቀን የሚያስተምረው ማነው? አረቄ ቤቱ ነው? ቁማር ያለበት ፑል ቤት ነው? ወይስ የመድረሳው ኡስታዝ? ሴት ልጃችን ከሰዓት ፈረቃ ስትለቀቅ በምን መንገድ ትመለሳለች? በክረምት ጭቃውና ጉሙ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ለሚበረታበት ለጉና ግርጌ ከተማ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ሶላትን በተመለከተ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጆች በሰባት ዓመታቸው በሶላት እንዲታዘዙ፣ አሥር ሲሞላቸው ደግሞ መኝታቸው እንዲለይ አዘዋል። ስለዚህ ጠባብ ቤት የመጽናናት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሥር ዓመት ያለፋቸው ወንድና ሴት ልጆች ያሉት ሰው ክፍሉን ሲያይ ይህንን ትእዛዝ ማሰብ ይኖርበታል።

ሰው ስንል ደግሞ ጎረቤት ማለታችን ነው። ጂብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት ሐቅ ደጋግሞ ከማሳሰቡ የተነሳ ነብዩ ጎረቤት ሊያወርሰው ነው ብለው እስከማሰብ ደርሰዋል። ይህ ለሙስሊም ጎረቤት ብቻ የተነገረ የሚመስለው ካለ የዐብዱላህ ኢብኑ ዐምርን (ረ.ዐ.) ታሪክ ያስታውስ። በቤታቸው በግ ታርዶ ሳለ ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ተልኮለት እንደሆነ ደጋግመው ጠይቀዋል። በደቡብ ጎንደር በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የሙስሊሙ ቁጥር ከመቶ አራት አይሞላም ነበር። እዚህ የሚኖር ሙስሊም ክርስቲያን ጎረቤት የሌለው ሰፈር ልፈልግ ቢል አያገኝም፤ ሃይማኖቱም ፈልግ አላለውም። የሀገራችን ሰው ሙስሊም እንግዳ ሲጠራ በጉን ከነነፍሱ አስረክቦ «ራሳችሁ ባርካችሁ እረዱት» የሚል ነው። መስጂድ ያቃጠለም አለ፤ ይህን አንክድም። ሆኖም ያ ድርጊት የክፉዎች ሥራ እንጂ የጎረቤት ሁሉ መለኪያ አይደለም። ጎረቤት የሚመረጠው በጠባዩ ነው።

ወደዚያ ወንድም ልመለስ። ጥያቄውን ካሰብኩበት በኋላ ጠርቼ «ወንድሜ፣ ያልኩህን ተወው። ወደ ሁለቱም ሰፈር ከዐስር እስከ መግሪብ፣ አንድ ቀን ደግሞ ለፈጅር ሂድና እይ። የትምህርት ቤቱን መምህር፣ የሱቁን ባለቤት ጠይቅ» አልኩት።

ከሳምንት በኋላ መጣ። መስጂዱ አጠገብ ያለው ግቢ ተከራዮች የሚፈራረቁበት፣ ከሰዓት በኋላ ወጣቶች ጫት ይዘው ካርታ የሚጫወቱበት ሆኖ አገኘው። ልጆቹ በአንድ ክፍል ሊተኙ ነው። ከከተማው ዳር ባለው ቤት ግን አጥር የሚጋሩት አንዲት ክርስቲያን እናት ናቸው። ቤቱን ሲያይ ጠርተው ቡና አጠጡት፤ የልጆቹን ስም ጠየቁት። «እናንተ ገበያ ብትውሉ ልጆቹ ከእኔ ዘንድ ይቆያሉ፤ ምግባችሁን አስቀምጡላቸው፣ እኔ አሞቅላቸዋለሁ» አሉት። «ግን ኡስታዝ፣ መስጂዱ ይርቃል» ብሎ አንገቱን ደፋ።

እኔም የበኑ ሰሊማን ነገር አጫወትኩት። እነዚህ የመዲና ሰዎች ቤታቸው ከመስጂድ የራቀ ስለነበር ወደ መስጂዱ አቅራቢያ ሊዛወሩ ፈለጉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እርምጃቸው እንደሚጻፍላቸው ነግረዋቸው ባሉበት እንዲቆዩ መከሯቸው። «ስለዚህ ቤቱ ቢርቅም አንተ አትራቅ። ከመግሪብ በፊት የልጅህን እጅ ይዘህ ውጣ፤ ለዒሻም እዚያው ቆዩ። በመካከሉ ቁርአኑን ይቅራ። በመንገዱ ላይ የምታወሩት ራሱ ተርቢያ ነው» አልኩት። የዳሩን ቤት ያዘ።

እንግዲህ ሶላት ይቅደም ስንል የመስጂዱን ግድግዳ መጎራበት ብቻ ማለታችን አይደለም። መስጂድ አጠገብ ኖሮ ሶላት የሚያመልጠው አለ፤ ርቆ ኖሮ የፊተኛው ሰልፍ የማያመልጠው አለ። ሰፈሩ ለልጁ ሶላት እንቅፋት ነው ወይስ አጋዥ? ጥያቄው ይህ ነው። ሁለቱም ነገር በአንድ ቦታ ለተሟላለት ደግሞ ኪራዩ ትንሽ ቢጨምርበትም አይሰስት።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥሩ ጎረቤት የሚፈልግ ሰው እሱም ለሌላው ጥሩ ጎረቤት መሆን አለበት። ያቺ እናት ልጆቻችንን ሲጠብቁ እኛ ውሃቸውን እንቅዳላቸው፣ ሲታመሙ እንጠይቃቸው። የተፈናቀለ ቤተሰብ ወደ ሰፈራችን ሲመጣ «የማን ወገን ነው?» ከማለታችን በፊት «ልጆቹ የት ይማራሉ?» እንበል። ነብዩ ኢብራሂም የሰዎች ልብ እንዲያዘነብል የለመኑት ለቤተሰባቸው ነበር፤ ዛሬ ለመጤው ማዘንበል ያለበት የኛ ልብ ነው።

አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን። ልጆቻችንን ሶላትን ከሚያቋቁሙት ያድርግልን። መልካም ጎረቤት ይስጠን፤ ለጎረቤቶቻችንም መልካሞች ያድርገን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።