ስለ ድምፅ ማጉያ ምርጫና ስለ መራጩ

ሰው ገንዘቡን የሚያወጣበት ነገር ጠባዩን ይገልጣል ይባላል፤ ይሁን እንጂ ይህ አባባል ለዕቃ ሁሉ እኩል አይሠራም። ጤፍ የሚሸምት ሰው ስለ ጠባዩ ብዙ አይነግረንም፤ መብላት የማይቀር ነውና። ለጆሮው ደስታ ሲል ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ግን ማንም ሳያስገድደው በፈቃዱ የመረጠ ስለ ሆነ፤ በምርጫው ውስጥ እርሱ ራሱ አለበት። ስለዚህ ጥሩ አምፕሊፋየር እንዴት እንደሚመረጥ መጻፍ ከሥነ ምግባር ጉዳይ የራቀ አይመስለኝም።

በቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ፥ ከዚያም ወደ ምሥራቅ በገርጂ፥ በሰሚት፥ በሲ ኤም ሲና በአያት ቤት የሠራ ወይም የተከራየ ሰው፤ ከሶፋውና ከቴሌቪዥኑ ቀጥሎ ድምፅን ያስባል። አንዱ ከመርካቶ ይገዛል፤ ሌላው ከአሜሪካ የሚመጣ ወንድሙን በሻንጣ እንዲያመጣለት ይለምናል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተፈቀደ ወዲህ፤ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ 2,000 ዶላር የሚያወጣ አምፕሊፋየር ዛሬ ከ200,000 ብር በላይ ነው፤ ይኸውም ለአንድ መምህር ከዓመት የሚበልጥ ደመወዝ ነው። ጥብቅ የሆነው ሰው «ይህን ያህል ገንዘብ ለሙዚቃ ከማዋል ለተራበ አይሻልምን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኔ ግን ሙዚቃን አጥርቶ መስማት ለሰው የተገባ ደስታ ነው እላለሁ፤ ከልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ከእናት መድኃኒት ላይ ተቀንሶ እስካልመጣ ድረስ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ገዢው የሚገዛው ድምፁን ነው ወይስ ዋጋውን የሚለው ነው።

ወደ ሱቅ የገባ ገዢ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። የአምፕሊፋየር ኃይል እጥፍ ቢሆን ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ያህል፥ ማለት 10 ጊዜ የሚበልጥ ኃይል ያስፈልገዋል። በአንድ ዋት፥ በአንድ ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር ያለው ሰው፤ በሳሎኑ ተቀምጦ በደህና መጠን ሲሰማ የሚፈጀው አንድ ሁለት ዋት ቢሆን ነው። የቀረው ለድንገተኛው የከበሮ ምት የተቀመጠ ስንቅ ነው፤ ስንቅ ደግሞ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በ50 እና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት እነዚያው 3 ዴሲቤል ናቸው። በካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥርም ብዙ ጊዜ መሣሪያው ለቅጽበት ብቻ የሚችለው ነው። እንግዲህ «ስንት ዋት?» የሚለው ግማሽ ጥያቄ ነው፤ «ሳያቋርጥ፥ በሁለቱም በኩል፥ በ8 ኦም፥ ምን ያህል ሳይበላሽ?» የሚለው ካልተከተለው ሻጩ የወደደውን ይመልሳል።

የአምፕሊፋየር ሥራ በቀድሞው ዘመን ነጋሪት አስጎስሞ የሚናገረው የአዋጅ ነጋሪ ሥራ ነው። ቃሉ የእርሱ አይደለም፤ ጉልበቱ ብቻ የእርሱ ነው። ከራሱ አንዲት ቃል ቢጨምር፥ ወይም የከበደችውን ቃል ቢያለሳልስ፥ አዋጁ የአዋጅ አውጪው መሆኑ ይቀራል። ደካማውን የድምፅ ምልክት ተቀብሎ ስፒከርን ለማንቀሳቀስ እስኪበቃ ድረስ ማበርታት፤ ሲያበረታም የራሱን ነገር አለመጨመር፤ ከእርሱ የሚፈለገው ይኸው ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሲሠራ ግን ሰዎችን ብዙ አድክሟል።

የስልክ መሥመር በአሜሪካ ከዳር እስከ ዳር ሲዘረጋ፤ ድምፅ በመንገድ እየደከመ ስለሚሄድ በየርቀቱ ማጉያ ይቆም ነበር። እያንዳንዱ ማጉያ ጥቂት ያበላሽ ስለ ነበር ጥቂቱ ተደምሮ ብዙ ይሆናል። በሐምሌ 1919 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927፥ ሃሮልድ ብላክ የሚባል የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ በሃድሰን ወንዝ ላይ በጀልባ ወደ ሥራው ሲሻገር ለዚህ መፍትሔ መጣለት፤ በእጁ በያዘው የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገጽ ላይም ነደፈው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ማጉያው ካወጣው ድምፅ ጥቂቱ ተቀንሶና ተገልብጦ ወደ መግቢያው ይመለስ፤ በዚህም መሣሪያው የተነገረውንና ራሱ የተናገረውን እያስተያየ ስሕተቱን ያርም። ለዚህ የሚከፈል ዋጋ አለ፤ ማጉያው ከማጉላት ችሎታው ብዙውን ያጣል። ለብዙዎች ነገሩ እንግዳ ነበር፤ ብርታት የሚፈለግበትን መሣሪያ በፈቃድ ማድከም ምን ይባላል? የፈጠራ መብቱም የተሰጠው ካመለከተ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ግን ከሞላ ጎደል በየቤቱ ያለው አምፕሊፋየር ሁሉ በዚሁ መንገድ ይሠራል። አንድ ነገር ልጨምር፤ እርምቱ ዘግይቶ የደረሰ እንደ ሆነ ማረሙ ይቀርና መሣሪያው መጮኽ ይጀምራል። ይህን ሳነብ ልጆቻቸውን የዓመቱን ጥፋት በአንድ ቀን የሚቆጡ ወላጆች ትዝ አሉኝ።

እንግዲህ ታማኙን ከማይታመነው በምን እንለየው? ለእኛ አገር ሰው ከበገና የሚሻል መፈተኛ አላውቅም። በገና 10 አውታር አለው፤ አውታሩ በድልድዩ ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባበታል፤ ያ የሚነዝረው፥ እንደ ንብ መንጋ የሚያውደው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ንዝረቱ ጉድለት አይደለም፤ የበገናው ነፍስ ነው። መጥፎ አምፕሊፋየር ወይ ንዝረቱን አለስልሶ በገናውን ጊታር ያስመስለዋል፤ ወይ የራሱን ንዝረት ጨምሮ የቆዳውና የሽቦው ድምፅ የማይለይ ያደርገዋል። የዓለሙ አጋን በገና አስከፍቶ አንዱ አውታር ከሌላው ሳይደባለቅ፥ በሁለት ምት መካከል ያለው ጸጥታም ጸጥታ ሆኖ ከሰማ፤ ገዢው ብዙ ነገር አውቋል። ነገር ግን ይህን ለመፍረድ በዐቢይ ጾም ወቅት አንድ ጊዜ እንኳ በገና ሲደረደር አጠገቡ ተቀምጦ መስማት አለበት። ምንጩን የማያውቅ ሰው ስለ አስተላላፊው ታማኝነት በምን ይፈርዳል?

ታማኝ መሣሪያ የማያስደስትበት ጊዜም አለ። አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ማሳተም ከጀመራቸው ሸክላዎች የቆየና የተጫረ አንዱን ብታስቀምጡበት፤ ጭረቱንም ይነግራችኋል። ይህን ጠልቶ በላምፓ የሚሠራውን፥ ድምፅን ሞቅና ለስለስ የሚያደርገውን የሚመርጥ አለ። ምርጫው ነውር የለበትም። ሰው ወጡን በቅመም ሊወድ ይችላል፤ ቅመሙን ሥጋ ነው ብሎ ለሌላው ሲያስተምር ነው ነገሩ የሚበላሸው።

በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የእንግሊዙ የኳድ ፋብሪካ ሦስት አምፕሊፋየሮች፥ አንዱ የላምፓ፥ ሁለቱ የትራንዚስተር፥ ለሰሚዎች የትኛው እንደሚሠራ ሳይነገራቸው ቀረቡ። ሰሚዎቹ በዕጣ ከመገመት በተሻለ ሊለዩአቸው አልቻሉም። ይህ ማለት ሁሉም አምፕሊፋየር አንድ ነው ማለት አይደለም፤ በደንብ የተሠሩ መሣሪያዎች፥ ከአቅማቸው በላይ ሳይገፉ፥ ድምፃቸው እኩል ሲደረግ ልዩነታቸው እጅግ ትንሽ ነው ማለት ነው። «እኩል ሲደረግ» የሚለውን ልብ በሉ፤ ጆሮ ጥቂት ከፍ ያለውን «ጥሩ» ይለዋልና። ስለዚህ ገዢው ሻጩን «ሁለቱን በእኩል መጠን አድርግልኝ፤ እኔም ጀርባዬን ልስጥ» ብሎ ይለምነው። ይህን የሚያደርግ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ብረቱ ራሱን ለማረም ጉልበቱን ይሰጣል፤ ሰውየው ግን ርካሹን ወድጄ እንዳልገኝ ብሎ ይፈራል፤ ፈተናውን ሸሽቶም 200,000 ብሩን ቆጥሮ ይወጣል።

ልዩነቱ በእውነት የሚታየው ብዙም በማይወራባቸው ነገሮች ነው። 4 ኦም የሆነ ከባድ ስፒከር ሲታከልበት ሳይጨነቅ ይችላልን? ሙዚቃው ቆሞ ጆሮን ወደ ስፒከሩ ሲያስጠጉ ያጉረመርማልን? ቢበላሽ እዚሁ ከፍቶ የሚጠግነው ሰው አለን? ከአሜሪካ የመጣው በ120 ቮልት የሚሠራ ከሆነ ማሳነሻ ትራንስፎርመር ሳይኖረው በእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። «ክላስ ኤ» የሚባለው ዓይነት ሙዚቃ ባይኖርም ኮረንቲ እየበላ ይግላል፤ ቦሌም ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አየሩ ሳስቶ ሙቀቱን ቶሎ አያነሣለትም፤ ስለዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ አይታፈን።

ጎረቤትም አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ድምፅንም ይመለከታል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተወሰነውም ልክ በቀን 55፥ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በኮንዶሚኒየም የብሎኬት ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ ይይዘው ይሆናል፤ ወፍራሙን ግን አይዘውም፤ በወለሉና በምሰሶው አልፎ ታች ቤት አልጋ ላይ ያለውን በሽተኛ፥ ለፈተና የሚያጠናውን ልጅ ያገኘዋል። እነርሱ የሚሰሙት በገናውን ወይም ሳክስፎኑን አይደለም፤ ጉምጉምታውን ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢው ዕቃውን ቤቱ አስገብቶ ሽቦውን ካሰረ በኋላ አንድ ሥራ ይቀረዋል። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ የሚወደውን ሙዚቃ በሚወደው መጠን ይክፈትና በሩን ዘግቶ ወደ ደረጃው ይውጣ፤ አንድ ፎቅም ወርዶ ከጎረቤቱ በር ፊት ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ያዳምጥ። ከዚያ ተመልሶ የድምፁን መዘውር የት ላይ እንደሚያቆመው ይወስን።