ባለዕዳና አበዳሪ በአንድ ማዕድ



ከጥቂት ዓመታት በፊት እሑድ ከቅዳሴ የማይጠፋ አንድ የቁምስናችን አባል በድንገት መምጣቱን አቋረጠ። ቤቱ ሄጄ ምክንያቱን ስጠይቀው ዝም አለ። በዚህ መካከል ስልኩ ጠራ፤ እርሱም አላነሣውም። ዳግመኛ ጠራ። በሦስተኛው ጊዜ ትንሿን ልጁን ጠርቶ «አባባ የለም በዪው» አላት። ልጅቱም እንደ ለመደ ሰው ያለ ምንም መደናገር የተባለችውን ተናገረች። ከዚያ በኋላ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ፣ «አባ፣ የሌለኝን ባለመክፈሌ ኃጢአተኛ ነኝን? የሚደውለው ሰው በቤተ ክርስቲያን ከፊቴ የሚቀመጠው ነው። በምን ዓይኔ አይቼ የሰላምታውን እጅ እሰጠዋለሁ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም «ጸልይ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬው ወጣሁ። መንገድ ላይ ሳስበው ግን እርሱ ከስልኩ እንደ ሸሸ ሁሉ እኔም ከጥያቄው መሸሼን ተረዳሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያን ዕለት ያልመለስሁት መልስ ዕዳ ስለ ሆነብኝ ነው።

አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። መክፈል አለመቻል አንድ ነገር ነው፤ መክፈል አለመፈለግ ሌላ ነገር ነው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ «ሱማ ቴዎሎጊካ» በተሰኘው ሥራው የሰውን ገንዘብ ስለ መመለስ ሲያስተምር፣ አቅም ያጣ ሰው ወዲያው የመክፈል ግዴታ እንደሌለበት ይገልጻል። ነገር ግን ራሱ ወይም በሌላ ሰው አማካይነት ወደ ባለገንዘቡ ቀርቦ ምሕረት ወይም ቀነ ቀጠሮ የመለመን ግዴታ አለበት ይላል። እንግዲህ በኪስ ባዶነት ኃጢአት የለም። ኃጢአት የሚገባው ባለዕዳው እውነቱን መናገር ሲተው ነው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 29 ብድር ሲፈልግ እጅ የሚስመውን፣ የመክፈያው ቀን ሲደርስ ግን ምክንያት የሚደረድረውን ሰው ይወቅሳል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የውሸቱን ሸክም በልጅ ላይ መጫን ነው። ያች ሕፃን ከአባቷ የወረሰችው ዕዳውን ሳይሆን መደበቅን ነበር።

ዕዳው ከየት መጣ? ከፊሉ በእርግጥ ዕዳ ከሜዳ ነበር፤ የባለቤቱ ሕመም ሳይታሰብ የመጣ ነውና። ከፊሉ ግን ለእናቱ ተዝካር በብድር የተደገሰ ድግስ ነው። ለሙታን መጸለይና ለድሆች ማካፈል መልካም ነው፤ ሰው ምን ይለኛል በማለት የልጆችን እንጀራ አስይዞ መደገስ ግን ሙታንን አያከብርም። በዚህ ረገድ ሁላችንም፣ ካህናትም ጭምር፣ ከድግሱ ተካፍለን ዝም በማለታችን ተጠያቂዎች ነን።

አሁን ወደ አበዳሪው እንመለስ። ገንዘቡን መጠየቁ በደል አይደለም፤ መብቱ ነው። ሆኖም መብቱ ወሰን አለው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 አበዳሪ መያዣ ሊቀበል ሲሄድ ወደ ባለዕዳው ቤት እንዳይገባና በውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ከድሃ የተወሰደ መደረቢያም ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመለስለት ያስገድዳል። ባለዕዳም ቢሆን ደጃፉ ደጃፉ ነው፤ ሌሊቱም ሌሊቱ ነው። ዛሬ ግን ስልክ ደጃፍ አያውቅም። በእኩለ ሌሊት የሚደውል፣ ወደ መሥሪያ ቤት አለቃ የሚደውል፣ ጎረቤትና ዘመድ እንዲሰማ የሚሳደብ አበዳሪ ሕጉ የከለከለውን ደፍ ያልፋል። ገንዘብ ያበደረ ሰው ገንዘቡን ይጠይቃል እንጂ ያላበደረውን ክብር ሊወስድ አይገባውም። አራጣ አበዳሪማ ከዚህም የከፋ ነው፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 712 ድርጊቱን በወንጀል ያስቀጣል።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ባለዕዳና ባለገንዘብ አብረው የሚታሰሩበት «ቁራኛ» የሚባል ልማድ ነበር። በዚያ እስራት ባለገንዘቡም እንደ ልቡ መሄድ አይችልም ነበር። የዛሬውም የስልክ ቁራኛ እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጥሪውን በመፍራት፣ ሌላው በመደወል እንቅልፍ ያጣሉ።

ከሳምንት በኋላ ወደዚያ ቤት ተመለስሁ። ዕዳውን ሁሉ በአንድ ደብተር ጻፍን፤ ለማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ። ከዚያም ሳይደወልለት ራሱ ደወለ። አንድ ሽማግሌ ባለበት ስንገናኝ አበዳሪው ገንዘቡን ለልጁ ትምህርት ያጠራቀመው መሆኑን ነገረን። ይህን ባለዕዳው አያውቅም ነበር፤ እኔም በልቤ ጨካኝ አድርጌ ስለ ሳልሁት አፈርሁ። በየወሩ ትንሽ ነገር ግን የማይቋረጥ ክፍያ እንዲሆን፣ ለእያንዳንዱም ደረሰኝ እንዲጻፍ፣ አሮጌውን ለመክፈል አዲስ ብድር እንዳይወሰድ፣ ጥሪም በወር አንድ ጊዜ በቀን ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ «ጸልይ» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ፤ ጸሎቱን አብራችሁ ጸልዩ፣ ደብተሩንም አብራችሁ ክፈቱ።

ማኅበረ ምእመናንም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1462 በጣልያን አገር በፔሩጃ ከተማ በፍራንቸስካውያን ስብከት ድሆችን ከአራጣ የሚያድን የብድር ተቋም ተመሥርቶ ነበር። እኛም እቁብና እድር ያለን ሕዝብ ነን፤ መተማመኑ አለ፤ የጎደለው ችግራችንን ሳይመሽ የምንናገርበት ድፍረት ነው።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. የ2025ን ኢዮቤልዩ ሲያውጁ ባለጸጋ አገሮች ለድሆች አገሮች ዕዳ እንዲሠርዙ ተማጽነዋል። ይህን ሰምተን ደስ ያለን ሁሉ በገዛ ደብተራችን የተጻፈውን የጎረቤታችንን ስም እንመልከት። በአባታችን ሆይ ጸሎት «በደል» ብለን የምንጠራው በማቴዎስ ወንጌል የግሪክ ቃል «ዕዳ» ማለት ነውና።

የሁለቱ ሰዎች ሒሳብ ገና አላለቀም። እሑድ እሑድ ግን ሰላምታ ሲሰጣጡ አያቸዋለሁ። አባቷ አጠገብ የምትቆመው ልጅም ታያቸዋለች።

የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።