«ዋጋው ላይ አንጣላም»

 

ባለፈው ሳምንት ከዒሻ በኋላ አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከችልኝ። ዳንቴል ትሠራለች። ለሙሽሮች፣ በትዕዛዝ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ የተሠራ የአልጋ ልብስ። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ «ኡስታዝ፣ ዋጋ ብጨምር ዱንያን መውደድ ይሆንብኛል?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ሒሳቧን ጠየቅኳት። አታውቀውም ነበር፤ አብረን ሠራነው። ለአንድ ትልቅ አልጋ ክሩ 4,000 ብር ይፈጅባታል። የምታስከፍለው 6,000 ነው። ሥራው ሁለት ወር ይወስዳል፤ በቀን አራት ሰዓት ያህል፣ ልጆቿ ከተኙ በኋላ። 2,000 ብር ለ240 ሰዓት ሲካፈል ለአንድ ሰዓት 8 ብር ከ33 ሳንቲም ይመጣል። የመንገድ ዳር ጀበና ቡና አንድ ስኒ አይገዛም። ቁጥሩን ስልክላት ለረጅም ጊዜ መልስ አልመጣም። በኋላ «ሱብሐነላህ» ብቻ ብላ ጻፈች።

ከዚህ በላይ ማትረፍ ሐራም ነው የሚል ቁርጥ ያለ ቁጥር በቁርኣንም በሐዲስም የለም። መዲና ላይ ዋጋ በተወደደ ጊዜ ሰዎች ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ዋጋ ይወስኑልን» ብለው ነበር። እርሳቸው አልወሰኑም። ዋጋን የሚያደርገው አላህ እንደሆነ ነገሯቸው፤ በደምም ሆነ በገንዘብ በደል ማንም ሳይከሳቸው ጌታቸውን መገናኘት እንደሚመኙም ነገሯቸው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ ዘግበውታል። ዑርወቱል ባሪቂይ (ረ.ዐ) ደግሞ በግ እንዲገዛላቸው አንድ ዲናር ሰጥተውት ሄደ። በዲናሩ ሁለት በግ ገዛ፤ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጠ፤ በግም ዲናርም ይዞ ተመለሰ። ነቢዩ አልተቆጡትም፤ በንግዱ በረካ እንዲሆንለት ዱዓ አደረጉለት። ቡኻሪ ላይ ያለ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ አጭሩ መልስ «አይሆንብሽም» ነው። ግን ጥያቄሽ በዚህ አያልቅም። ጣሪያ ከሌለ ልኩ የት ነው? ሱረቱ አን-ኒሳእ 29ኛው አያ ላይ አላህ በመካከላችን የሚደረገውን ንግድ በመዋደድ ላይ አቆመው፤ ሁለቱም ወገን ወድዶ፣ ፈቅዶ። ሁላችንም ይህን እናውቃለን ብለን እናልፈዋለን። «ተስማምተናል እኮ!» እንላለን።

እስቲ ስምምነት ምን እንደሚፈልግ እንይ። የሚስማማው ሰው ምን እየሰጠ እንደሆነ ማወቅ አለበት። «አይሆንም» ማለትም መቻል አለበት። ይህቺ እህት ሁለቱም አልነበራትም። ስንት ሰዓት እንደምትሰጥ አታውቅም፤ ብታውቅም አፍ አውጥታ መናገር አትችልም። ደንበኞቿ እነማን ናቸው? የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ሙሽራ፣ አብራት ቁርኣን የቀራች ጓደኛ። እነርሱ ደግሞ ሲያዝዙ የሚሏትን ታውቁታላችሁ፦ «አንቺ ደግሞ! ዋጋው ላይ አንጣላም።»

ይህቺ ዓረፍተ ነገር ፍቅር ትመስላለች። በፊቅህ ዓይን ስትታይ ግን ዋጋው ያልታወቀ ሽያጭ ናት፤ ያውም ሊቃውንቱ ከሚከለክሉት ዓይነት። ለምን እንደከለከሉት የሚገባው ሥራው ያለቀ ቀን ነው። ሠሪዋ ሁለት ወር ዓይኗን ፈጅታበታለች፣ ዕቃው ሌላ ገዢ የለውም፣ ሰርጉ ከነገ ወዲያ ነው። ገዢዋ ዋጋውን ስትሰማ ፊቷ ትንሽ ይለወጣል። ያቺ «ትንሽ» ብቻ ትበቃለች። «እሺ፣ የፈለግሽውን ስጪኝ» ትላለች ሠሪዋ። ይህ መዋደድ ነው?

ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ ሰው ፊት ተጠይቆ በእፍረት የሰጠ ሰው ገንዘብ ለተቀባዩ እንደማይፈቀድ ያስረዳሉ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ የሻፊዒይ ዑለማዎች ይህን ገንዘብ በሐያእ ሰይፍ የተወሰደ ይሉታል። ሰይፍ የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ሐያእ ከኢማን ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። የኛ ይሉኝታ ግን ሁልጊዜ ሐያእ አይደለም። አንዳንዴ የራሳችንን ሐቅ መጠየቅ አፍሮ፣ በኋላ ቤት ገብቶ ሰውን ማማት ነው። ዋጋዋን በአደባባይ ያልተናገረች ሴት በጓዳ ስትናገረው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ፤ ሪዝቁም ሄደ፣ ሐሜቱም ተጻፈ።

አሁን ወደ ገዢው ልዙር፤ አብዛኛው ወቀሳ የሚገባው እርሱ ነውና። ወንድሜ፣ አላህ በሱረቱ ሁድ 85ኛው አያ በነቢዩ ሹዐይብ አንደበት ሚዛንን ሙሉ ካለ በኋላ የሰዎችን ነገር አታጉድሉ ይላል። እኛ ይህን አያ ስንሰማ ሚዛን የሚሰርቅ የስኳር ነጋዴ ይታየናል። ኢማም አል-ቁርጡቢ ግን ማጉደሉ ዕቃን በማነወር፣ በማናናቅና ስለ ዋጋው በማታለልም እንደሚሆን ይገልጻሉ። እንግዲህ «ክር አይደል እንዴ?» ያልክበትን ቀን አስታውስ። «መርካቶ በግማሽ ዋጋ አለ» ያልክበትንም። መርካቶ ያለው የፋብሪካ ብርድ ልብስ ነው፤ ቢጠፋ አምሳያው በሺህ የሚቆጠር፣ ዋጋው ከጓደኛው የሚታወቅ። ዑለማዎች እንዲህ ያለውን ሚስሊይ ይሉታል። በእጅ የተሠራው ግን አምሳያ የለውም። የሌላ ዕቃን ዋጋ አምጥተህ እዚህ ላይ ስታስቀምጥ ሚዛኑን ቀይረሃል።

መርካቶ ሄደህ ብትገዛ ግን ምንም ወንጀል የለብህም። «አቅሜ አይፈቅድም» ብሎ መተው ሙሉ መብትህ ነው፣ ሠሪዋንም መስደብ አይደለም። ችግሩ የእጇን ሥራ በፋብሪካ ዋጋ ከመፈለግህ ላይ ነው። «ትንሽ ይሁን፣ ዋናው በረካው ነው» የሚለውም ትክክለኛ ንግግር ነው፤ የሚገርመኝ ሁልጊዜ ከፋዩ ለተቀባዩ የሚመክረው መሆኑ ነው።

ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ለነቢዩ ቃል ሲገቡ ለሙስሊም ሁሉ ቅን ለመሆን ቃል ገብተው ነበር። ጠብራኒይ በዘገቡት ታሪክ፣ አገልጋያቸው ፈረስ በ300 ዲርሃም ተስማማላቸውና ባለቤቱን ይዞ መጣ። ጀሪር ፈረሱን አዩና ለሻጩ «ፈረስህ ከዚህ ይበልጣል፣ በ400 ትሸጥልኛለህ?» አሉት። እንዲህ እያሉ ራሳቸው ገዢው እየጨመሩ 800 አድርሰው ገዙት። ይህ ግዴታ ነው አልልህም። ግን የገባኸውን ስምምነት ሻጩ ዋጋውን ስላላወቀ ብቻ ያገኘኸው ከሆነ፣ ጀሪር በዚያ ቀን ለምን እንዳልተመቻቸው አስብ።

ወደ አንቺ ልመለስ እህቴ፣ አንቺም ነጻ አይደለሽምና።

ሰዓት ቁጠሪ ማለቴ ሰዓትሽን ሁሉ ገዢው ይክፈል ማለቴ አይደለም። ሌላዋ በ120 ሰዓት የምትጨርሰውን አንቺ ገና እየተማርሽ በ240 ብትጨርሺ፣ የትምህርትሽን ክፍያ በሙሽራዋ ላይ መጫን አትችዪም። ሰዓቱ ዋጋው ራሱ ሳይሆን ምስክር ነው፤ ለራስሽ ምን እየሰጠሽ እንደሆነ ይነግርሻል። በደብተር ጻፊው። ከዚያ በኋላ ለድሃ ሙሽራ ብትቀንሺላት ዐውቀሽ ቀነስሽ፣ አጅሩም ያንቺ ነው። ሳታውቂ ስትቀንሺ ግን ለማን ሰደቃ እንደሰጠሽ እንኳ አታውቂም።

ሌላም አለ። ከጅዳ ወይም ከዱባይ የመጣች እህት «እኔ ዋጋ አላውቅም፣ አንቺ ያልሽው ይሁን» ስትልሽ ሦስት እጥፍ ትጠሪያለሽ። ዑለማዎች እንዲህ ያለውን፣ ዋጋ የማያውቅና አምኖ የመጣ ገዢ፣ ሙስተርሲል ይሉታል፤ እርሱን መጉዳት ከባድ ነው ይላሉ። ያቺ እህት ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ልትሆን ትችላለች፤ የርሷም ሰዓት ሰዓት ነው። በይሉኝታ የተወሰደብሽን በእርሷ እምነት ላይ ማካካስ አይቻልም።

ስለ ውሉ አሠራር ረጅም አልሄድም። በሐነፊይ መዝሃብ በትዕዛዝ ማሠራት ኢስቲስናዕ ይባላል፤ ዕቃው በዝርዝር ከተገለጸና ዋጋው ከታወቀ ክፍያው በቅድሚያም በየጊዜውም ሊሆን ይችላል። በሻፊዒይ ዘንድ ግን የሰለም መስፈርት መሟላት አለበት፤ ሙሉው ዋጋ እዚያው ውሉ በተደረገበት መቀመጫ ይከፈላል። ይህ የሚከብዳችሁ ካላችሁ አንድ ሌላ መንገድ አለ፦ ገዢው ክሩን ራሱ ገዝቶ ያምጣ፣ ሠሪዋን በእጇ ሥራ ብቻ ይቅጠር። እኔ ይህን እወደዋለሁ። ምክንያቱም ክሩ ከሒሳቡ ሲወጣ የእጅ ዋጋ ብቻውን ራቁቱን ይቆማል። 6,000 ብር ለመጥራት የማያፍር ሰው «ለሁለት ወር ሥራ 2,000 ብር» ለማለት ያፍራል። በቡኻሪ ዘገባ አላህ በቂያማ ቀን ባላንጣቸው ከሚሆን ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ ተቀብሎ ዋጋውን የከለከለ ነው። ወላሁ አዕለም።

«ዘመድ ከሆነስ?» ትሉኛላችሁ። ለዘመድ ስጦታ ስጪ። አንዲት ሴት በእጇ የሸመነችውን ቡርዳ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አምጥታ «በእጄ የሠራሁት ነው» ብላ ሰጠቻቸው፤ ተቀበሏት፣ ለበሱት። ዋጋ አልተጠራም፣ ስጦታ ነበር፣ ሁለቱም ያውቁታል። የሚያጣላን ግማሹ ስጦታ ግማሹ ሽያጭ የሆነው ነው፤ ሰጪዋ ስጦታ የምትለውን ተቀባይዋ ዋጋ ከፍዬበታለሁ የምትለው።

ይህን ስጽፍ ፊቴ ላይ የሚመጣ አንድ የአልጋ ልብስ አለ። የኔ ነው።

የዛሬ 9 ዓመት ኒካሕ ላስር ስል የእናቴ የቡና ጎረቤት የሆኑ አንድ እናት ሠሩልኝ። ያኔ የገበያ ዋጋ ምን እንደሆነ በፈተና መልሼ ዲግሪ ተቀብዬ ነበር። መድረሳም የቡዩዕን ምዕራፍ ሸይኼ ዘንድ ሁለት ጊዜ ቀርቼዋለሁ። እና ምን አልኳቸው? «እትዬ፣ ዋጋው ላይ አንጣላም።» ሲያልቅ «አንተ እንዳየኸው ልጄ» አሉኝ። እኔም የገበያ ብርድ ልብስ ዋጋ አስቤ፣ ትንሽ ጨምሬ፣ ቸር ነኝ ብዬ ሰጠኋቸው። መረቁኝ።

ከዓመታት በኋላ ባለቤቴ ዳንቴል ልትጀምር ክር ስትገዛ ነው የሰጠሁት ከክሩ ዋጋ ብዙም እንደማይበልጥ የገባኝ። ሄጄ «አውፍ ይበሉኝ» አልኳቸው። ቡና ላይ ነበሩ፣ እናቴም ጎረቤቱም አለ። «አውፍ ብያለሁ ልጄ! ምን ሆነሃል?» አሉ ቶሎ ብለው፤ ሁሉም ሳቀ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት ሌላ ምን ሊሉኝ ይችሉ ነበር የሚለው ሐሳብ አላስተኛ አለኝ። ያንኑ ሰይፍ ደግሜ መዝዤባቸው ነበር።

በሌላ ቀን ብቻቸውን ሳሉ ሄድኩ። ሒሳቡን በወረቀት ጽፌ፣ ክሩን ለብቻ፣ ሰዓቱን ለብቻ፣ የብሩን አቅም መውደቅም አስቤ ጨምሬ፣ ብሩን በፖስታ ይዤ። «ስጦታ አይደለም፣ ዕዳዎ ነው» አልኳቸው። «ኧረ በአላህ!» ብለው እንዲመልሱልኝ ጠብቄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽም ተስፋ አድርጌ ነበር። አልመለሱልኝም። ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ቆጠሩት። ከዚያ ወረቀቱን እንዳነብላቸው ጠየቁኝና አነበብኩላቸው።

«የክሩን ተሳስተሃል» አሉኝ። «ነጩ ያኔ ከዚህ ይበልጥ ነበር።» ዋጋውን በብርና በሳንቲም ነገሩኝ፤ 9 ዓመት ሙሉ አልረሱትም።

ልዩነቱን በማግስቱ ወሰድኩላቸው።