የሚከራይ ቤት በብድር ወይስ በእጅ ገንዘብ?

ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ጥሊሊ፣ እንደ ሌሎቹ የአዊ ከተሞች ሁሉ፣ ከገጠር ለትምህርት የሚመጡ ልጆችና ከሩቅ የተመደቡ መምህራን ክፍል የሚከራዩባት ከተማ ናት። ስለዚህ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው የሚከራይ ቤት ለመግዛት ቢያስብ አያስደንቅም። ጥያቄው፣ በእጁ ባለው ይግዛ ወይስ ተበድሮ? የሚለው ነው።

ወለድ ሁሉ ኃጢአት ነው ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል መዝጋት አይቻልም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1745 ባስተላለፉት መልእክት፣ ማበደርን ብቻ ምክንያት በማድረግ የሚጠየቀውን ትርፍ ሲያወግዙ፣ ከብድሩ ውጭ ባለ ፍትሐዊ ምክንያት የሚከፈለውን አልከለከሉም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ተበዳዳሪዎች በዓመት ከ12 በመቶ በሚበልጥ ወለድ እንዳይዋዋሉ ወስኗል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በብድሩ ውል ላይ ያልፈረመው ተከራይ ነው።

አንድ ሰው 400,000 ብር በ12 በመቶ ወለድ ከባንክ ተበድሮ ባለ አራት ክፍል ቤት ገዛ እንበል። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 48,000 ብር፣ ማለትም በወር 4,000 ብር ይሆናል። እያንዳንዱን ክፍል በ1,000 ብር ቢያከራይ ኪራዩ በሙሉ ለወለዱ ይሄዳል፤ ከዋናው ዕዳ አንዲት ሳንቲም አትቀነስም። እንግዲህ የአንዱ ተማሪ አባት መጥቶ «እህሉ እስኪወቃ ይታገሡኝ» ብሎ ቢለምን፣ በእጁ ገንዘብ የገዛው አከራይ ትርፉ ይዘገይበታል እንጂ ሌላ ጉዳት የለበትም፤ ሊምርም ሊጨክንም ነጻ ነው። ባለ ዕዳው ግን ልቡ ቢራራ እንኳ የባንኩ ቀን አይራራለትም። ቤቱን በመያዣነት ሲሰጥ የመማር ነጻነቱንም አብሮ አስይዟል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች፣ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። ኪራይ እየጨመርሁ፣ ያልቻለውን እያስወጣሁ ዕዳዬን እከፍላለሁ ብሎ የተበደረ ሰው ገና ሲነሣ ስሌቱን የሠራው በሌላው ሰው መፈናቀል ላይ ነው።

በእጅ ገንዘብ መግዛትም በራሱ ጽድቅ አይደለም። ከሚስቱ ሳይመክር በሬዎቹን የሸጠ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠውንም ያሟጠጠ ሰው ዕዳ የለብኝም ቢልም፣ ልጁ በታመመች ዕለት ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ይቆማል። (ዕቁቡን በመጀመሪያ ዙር የበላ ሰውም ገንዘቡን የራሱ ጥሪት ያደርገዋል፤ ቀሪው ዙር ሁሉ ዕዳ መሆኑን ይዘነጋል።)

ምክር ለሚጠይቁኝ ምእመናን አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፦ ከአራቱ ክፍሎች ሁለቱ ለሦስት ወር ባዶ ቢሆኑ፣ የወሩን ክፍያ ከደመወዝህ ወይም ከምርትህ መክፈል ትችላለህን? የሚችል ይበደር። የማይችል ግን ለጊዜው በግቢው ካለው ባዶ ቦታ ላይ አንዲት ክፍል ሠርቶ ያከራይ።